አክስቴ «ከዚያስ?» ስትል

አክስቴ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። ልጅ ሳለሁ ግን በጅማ መርካቶ አቅራቢያ በነበረው ቪዲዮ ቤት የታየ ፊልም ሁሉ በእኔ አፍ በኩል እሷ ዘንድ ደርሷል። ቤቱ ጭለማ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። የጅማ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ የፊልሙን ድምፅ ይውጠዋል። አግዳሚው ቀድሞ ለደረሰ ጎረምሳ ስለሆነ እኛ ትንንሾቹ ያቺን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከቤት አንጠልጥለን እንሄድ ነበር። በርጩማዋ ከቦታዋ ከጠፋች አክስቴ የት እንዳለሁ ታውቃለች። ስመለስ አትቆጣኝም። ከሰል አቀጣጥላ፣ ጀበናውን ጥዳ ትጠብቀኛለች።

«በል ተናገር፤ ምን አያችሁ?»

አንድ ቅዳሜ «ሳራፊና»ን አይቼ መጣሁ። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባኝም፤ ግን የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ዩኒፎርም እንደ እኛው ስለነበር ታሪኩ የሰፈሬ መሰለኝ። አቦሉ ሲቀዳ የሶዌቶ ልጆች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው መነሳታቸውን ነገርኳት። ቶናው ላይ መምህርታቸውን ወሰዷት። በረካው ላይ ሳራፊና ከእስር ወጣች።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ልጅቷ ወጣች፤ የተኮሱትስ? ትምህርቱስ በምን ቋንቋ ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ፊልሙም ሙሉ መልስ ሊኖረው አይችልም ነበር። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው (የውጭውን ዘመን በእነሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ማንዴላ ከእስር ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ጥቁሮች ድምፅ የሰጡበት ምርጫ ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። የአፍሪካንሱ ግዴታ ተማሪዎቹ ደማቸውን ባፈሰሱበት በዚያው በ1976 መነሳቱን ያወቅሁት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። ለአክስቴ ሄጄ ነገርኳት። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ፤ ሃያ ዓመት የዘገየሁበት መልእክት ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማህበራዊ ትግል የተሠራ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ባየሁ ቁጥር የአክስቴ ጥያቄ ከጎኔ ተቀምጣ ታየዋለች። ብዙዎቹ አይተርፉላትም።

«ኖርማ ሬይ»ን ውሰዱ። የአሜሪካ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ካርቶን ላይ «ማህበር» የሚል ቃል ጽፋ ጠረጴዛ ላይ ትወጣለች፤ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ማሽናቸውን ያጠፋሉ። ያ ጩኸት ቀስ በቀስ ዝም ሲል ጸጉሬ ይቆማል፤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ታሪኩ የክሪስታል ሊ ሳተን ነው። የእሷ ፋብሪካ ሠራተኞች ማህበሩን በድምፅ የመረጡት በ1974 ነው። ፊልሙ በ1979 ወጣ፤ ዋናዋ ተዋናይ ሳሊ ፊልድ በ1980 ሚያዝያ ኦስካር ተቀበለች። ሠራተኞቹ የኅብረት ውላቸውን ያገኙት ግን ከሽልማቱ ወራት ቆይቶ ነው። ተዋናይዋ ትግሉን ጨርሳ ሐውልቷን ስትወስድ ታጋዮቹ ገና ደጅ ይጠኑ ነበር ማለት ነው። ከድምፁ እስከ ውሉ ያለፉት ስድስት ዓመታት ስብሰባ፣ ክርክርና ጥበቃ ናቸው፤ ካሜራ እንዲህ ያለውን ነገር አይወድም።

«ሰልማ»ም እንዲሁ ነው። የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰልፈኞች በአላባማዋ የሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ሲደበደቡ፣ በኋላም የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ ሲጸድቅ ታያላችሁ፤ ደረታችሁ ይሞላል። ፊልሙ የወጣው በ2014 ነው። በዚያው ሕግ ዋና አንቀጾች አንዱን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ2013። ሌላም ነገር አለ፤ የኪንግን ንግግሮች ለፊልም የመጠቀም መብት አስቀድሞ ለሌላ ወገን ተሰጥቶ ስለነበር ዳይሬክተሯ አቫ ዱቬርኔ የኪንግን ቃል ሳይሆን ቃሉን የሚመስል ሌላ ቃል ራሷ ጽፋ ነው ያስነገረችው። አንድ ሰው ለሕዝብ የተናገረው ቃል ባለቤት ሲኖረው ይገርመኛል። ይህን እዚህ ልተወውና ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ፊልሞቹ ግን ድሩን ሳይሆን አንበሳውን ነው የሚቀርጹት፤ ካልሆነም ከድሩ መካከል አንዷን ክር መዝዘው ውብ ተዋናይ ያለብሷታል። ክሩ ሁሉ የሚፈተልበትን፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበትን፣ ለሻይ የሚዋጣበትን፣ ከአሥር የተጠሩ ሰዎች ሦስቱ ብቻ የሚመጡበትን ክፍል ማን ያሳየናል? «አክቲቪስት» የሚለው ቃል በእኛ ሀገር እንዲህ የተበላሸው በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ስልክ ይዞ የሚጮህ ሰው እንጂ አጀንዳ ይዞ የሚሰለች ሰው አይታሰበንም።

አንድ ድራማ ግን ሰልችቶ አሳየኝ። ወዳጄ በፍላሽ ያመጣልኝ የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ በ2024 ጃንዋሪ ለአራት ምሽቶች የታየ፣ ስለ ቀድሞው የፖስታ ቤት ኃላፊ አላን ቤትስና ስለ እንግሊዝ ፖስታ ቤት ድርጅት። ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሌለ የገንዘብ ጉድለት ያሳያል። ጉድለት ምን ማለት እንደሆነ ገንዘብ ያዥ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንቅልፍ የሚነሳ ቃል ነው። ኮምፒውተሩ ይታመናል፣ ሰው ሌባ ይባላል። ፖስታ ቤቱ ራሱ 700 ያህል ሰዎችን ከስሶ አስፈርዶባቸዋል፤ የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። ቤትስ በ2009 የተጎዱትን በአንድ የገጠር አዳራሽ ሰበሰበ። በድራማው ያ ትዕይንት ለእኔ ከሰልማ ድልድይ አይተናነስም፤ ወንበር ደርድረው «ይመጣ ይሆን?» እያሉ በሩን ያያሉ። አንድ ሰው ይገባል፤ ሌላ ይከተላል። እያንዳንዱ «እኔ ብቻ ነኝ» ተብሎ የተነገረው ነበር። በ2019 በፍርድ ቤት ረቱ፤ ሆኖም ፍርደኛ የሚለው ስም ከአብዛኞቹ ላይ አልተነሳም። ጋዜጦች ለዓመታት ሲጽፉት የኖሩት ነገር በአራት ምሽት ድራማ ሀገሩን አስቆጣና በዚያው በ2024 ሜይ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሰረዘ። ለአክስቴ ስነግራት «ከዚያስ?» አላለችም። «ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ?» ነው ያለችው።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ፊልም የእኛው ነው። «ድፍረት»። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ፣ በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው። ቃሉን በአማርኛ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ድፍረት ጀግንነት ነው፣ ድፍረት መደፈርም ነው። አንድ ቃል ውስጥ በዳዩና የተበዳይዋ እምቢታ አብረው ተቀምጠዋል። ይህን ርዕስ ያወጣ ሰው ቋንቋውን አዳምጧል።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ተኩሳ ገደለችው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ቆመላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበተች። ጅማም ሆነ ሌላ ቦታ በአክስቴ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ጠለፋን ለማወቅ ፊልም አያስፈልጋቸውም። ይጠለፋል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ሰርግ ይሆናል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት አይከሰስም ይል ነበር። ሕጉ ሽማግሌ ሆኖ መሐል ይገባ ነበር ብትሉ አላጋነናችሁም።

ፊልሙን በላፕቶፔ አብረን አየነው። ችሎቱ አለቀ፣ ልጅቷ ነጻ ወጣች።

«ከዚያስ?»

ይህን ጊዜ መልስ ይዤ ነበር። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ተሻሽሎ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ማለቱን፤ በ1996 የወጣውና በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን «ካገባት አይከሰስም» ማስወገዱን፤ ወይዘሮ መዓዛ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መሆናቸውን ነገርኳት። ፊልሙ ውስጥ የሌለ፣ በስብሰባና በረቂቅ ላይ ረቂቅ የመጣ ውጤት ነው። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱስ ይሁን። ልጅቷስ?»

ልጅቷ አድጋለች። ፊልሙ በ2006 ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ፣ ተጋባዡ ብሔራዊ ቴአትር ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ፤ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ማሳየት አንችልም አለ። የታሪኩ ባለቤት ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ አመልክታ ነበር። እግዱ በኋላ ተነሳ። ስሟን እኔ አልጽፈውም፤ ከሚበቃው በላይ ተጽፏል።

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ሳይጠይቋት? ይህማ ሁለተኛ ጠለፋ ነው።»

እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ፊልሙ በየቤቱ ተነስቶ የማያውቅ ወሬ አስነስቷል፤ የእኔ ተማሪዎች፣ ወንዶቹ ጭምር፣ ስለ ጠለፋ በሕግ ቋንቋ ሲከራከሩ የሰማሁት ካዩት በኋላ ነው። ሠሪዎቹም በክፋት የተነሱ አይመስለኝም። ነገር ግን ስለ ፈቃድ የተሠራ ፊልም በፈቃድ ጥያቄ ፍርድ ቤት መቆሙን ማለፍ አልቻልኩም። የኪንግ ቃል ባለቤት ነበረው፣ ያውም ውል የሚፈራረም። የአርሲዋ ልጅ ሕይወት ባለቤት እንዳለው ለማሳወቅ እሷው ራሷ ችሎት መቆም ነበረባት።

ፊልም በትግል ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከተነሳ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም መማር የለብንም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ያኔ ዓላማው የተራበ ሰው ይድረስለት ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በዓውደ ዓመቱ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። የተራበ ሕፃን፣ ቀጥሎ የተጌጠ ማዕድ፣ እንደገና የተራበ ሕፃን። በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ምስሉ ውሸት አልነበረም፣ ግብዣውም ውሸት አልነበረም፤ የመቀሱ ሥራ ግን የፖለቲካ ሥራ ነበር። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ አንዱ እጁን አውጥቶ «ጥሩ አደረጉ» ይላል። እኔም ከዚያ በታች አክስቴን እሆናለሁ። ከዚያስ? ኅዳር 14 ቀን ያለ ፍርድ የተረሸኑ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት፣ ከዚያ ቀይ ሽብር፣ ከዚያ በ1977 ሌላ ረሃብ፣ ሌላ ካሜራ። አክስቴ ያንን የመስከረም ፊልም አላየችውም፤ ወሬውን በሬዲዮ ነው የሰማችው። የእሷ ታላቅ ወንድም ግን አዲስ አበባ ሆኖ አይቶታል፤ በእልልታ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደብዳቤው ቀረ፣ እሱም ቀረ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አታወራም፤ እኔም አልጠይቃትም።

ምናልባት ለዚህ ነው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ስናይ ያልጠየቀችኝ። ያ ፊልም ሌሎቹ ከሚያበቁበት ይጀምራል፤ አብዮቱ አልፏል፣ አንበርብር እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ ተመልሷል፣ የሚያስታውሰው ቁርጥራጭ ነው፣ የመንደሩ ልጆች ደግሞ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ተደብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። አክስቴ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፤ ሲያልቅ መብራት አብሪ አለችኝ፣ ለሴት እንደሚባለው፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር።

ባለፈው ክረምት መብራት ሳይጠፋ «ጥቁር ወርቅ»ን አሳየኋት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ይከተላል። ከ70 ሺህ በላይ ገበሬዎችን ወክለው፣ ደላላውን ዘልለው፣ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ፍለጋ ይዞራሉ። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ ዋጋው ወድቋል፤ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ማየት ይበቃል።

አክስቴ ወጣት ሳለች ለብዙ ዓመት ቡና ለቃሚ ነበረች፤ መጋዘን ውስጥ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን በእጅ ከሚለዩት አንዷ። ፊልሙ ላይ ለቃሚዎቹ ሴቶች ሲታዩ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች። አቶ ታደሰን ትታ እነሱን ማየት ጀመረች። «መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። «እንደገና መልሰው።» በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ምን እንዳየች አልገባኝም፤ ለእኔ የተደረደሩ ሴቶች ናቸው።

ሲያልቅ ጥያቄዋን ጠበቅሁና ቀድሜ መለስኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥትና ስታርባክስ በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ስሞች ላይ መስማማታቸውን፣ ስሙ የሀገራችን ንብረት መባሉን ነገርኳት።

«የጅማስ ስም?»

«ከሦስቱ ውስጥ የለም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ ጀበናውን እያጠበች፣ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነበር። ሚዛኑ ግን አጭበርባሪ ነው፤ አንዷ ከቤቷ መዝና ያመጣችውን ጨው ብታስቀምጥበት ጎደለ። አንድ ጧት ሁሉም ቦታቸው ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አልጮኹም፣ አልዘፈኑም። ቡናው ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ማንም አይነካም። አለቃው ተቆጣ፣ ለመነ፣ ሰደበ፣ ወጣ። የጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል። የምታጠባ ሴት ነበረች፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያ ብቻ ነበር ድምፁ። አርባ ነበርን አለች፣ ቆየት ብላ ደግሞ ሃምሳ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሚዛን አመጡ፤ ከሰዓት ለቀምን።»

«በቃ?»

«በቃ። ጨው ያመጣችውና አብራት የነበረችው ግን በሚቀጥለው ዓመት ለቀማ ሲጀመር አልተጠሩም።»

ይህን ልጽፈው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «የእኔን ጻፍ። የእነሱን ሳትጠይቅ ስማቸውን እንዳትጽፍ። አንዷ ቆጪ ሰፈር ናት፣ እሷ ታውቅህ ይሆናል፤ ሁለተኛዋን እሷ ታሳይሃለች።»

ቅዳሜ ሄጄ ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ ጎረቤቷ ገበያ ሄዳለች አለችኝ። ዝናብ ሊጥል ስለነበር ብዙ አልጠበቅሁም።